የፕላቶ ዋሻ፦ እስረኛውን ማን ፈታው?

መክፈቻ

ሰላም ለሁላችሁም። ሰሞኑን የፕላቶን የዋሻ ምሳሌ እንደገና ሳነብ አንድ ነገር ከነከነኝ። ምሳሌውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ለማያውቀው ግን ላስታውስ፤ ዝርዝሩ ለክርክሩ ያስፈልገናል።

ታሪኩ ያለው «ሪፐብሊክ» በሚባለው መጽሐፍ ውስጥ ነው፤ ከ10ሩ ክፍሎች በ7ኛው መጀመሪያ ላይ። የሚናገረው የፕላቶ መምህር የነበረው ፈላስፋ ሶቅራጥስ ነው። የሚያዳምጠው ደግሞ የፕላቶ ወንድም ግላውኮን። ሰዎች ከልጅነታቸው ጀምሮ ከመሬት በታች ባለ ዋሻ ውስጥ ታስረዋል። እግራቸውም አንገታቸውም በሰንሰለት ተይዟል። ስለዚህ ፊት ለፊታቸው ካለው ግድግዳ በቀር ወዴትም ማየት አይችሉም። ከኋላቸው፣ ራቅና ከፍ ብሎ፣ እሳት ይነዳል። በእሳቱና በእስረኞቹ መካከል መንገድ አለ። በመንገዱ ዳር አጠር ያለ ግንብ ተሠርቷል። ከግንቡ ጀርባ ሰዎች ይመላለሳሉ፤ ከድንጋይና ከእንጨት የተሠሩ የሰውና የእንስሳ ምስሎችን ከግንቡ በላይ ከፍ አድርገው ይዘዋል። እስረኞቹ የሚያዩት የእነዚህን ምስሎች ጥላ ነው። ተሸካሚዎቹ ሲያወሩ ድምፁ ግድግዳው ላይ ነጥሮ ይመለሳል። እስረኞቹም ጥላው የተናገረ ይመስላቸዋል።

ከዚያ አንዱ ይፈታል። ድንገት እንዲቆም፣ አንገቱን እንዲያዞር፣ ወደ እሳቱ እንዲያይ ይገደዳል። ዓይኑን ያመዋል። ወደ ለመደው ጥላ መመለስ ያምረዋል። ግን በሻካራው ዳገት እየተጎተተ ወደ ውጭ ይወጣል። ውጭም ወዲያው ማየት አይችልም። መጀመሪያ ጥላዎችን ያያል፤ ቀጥሎ ውኃ ላይ የሚታየውን ምስል፤ ቀጥሎ ነገሮቹን ራሳቸውን። ከዚያ ሌሊት ሌሊት ጨረቃንና ከዋክብትን። በመጨረሻ ፀሐይን። ተመልሶ ወደ ዋሻው ሲገባ ግን ጨለማው ያደናብረዋል፤ የቀሩት ይስቁበታል። ሊፈታቸው ቢሞክር ደግሞ፣ እጃቸው ከገባ ይገድሉታል።

ጥያቄዬ ይኸውና። እስረኛውን ማን ፈታው? መጽሐፉ ይፈታል፣ ይገደዳል ይላል። አንድ ሰው በኃይል ቢጎትተው ይላል። ይህ አንድ ሰው ማን እንደሆነ ግን ትንፍሽ አይልም። ስለ ጥላና ስለ ፀሐይ ሁሉም ያወራል፤ ይቺ ነገር ግን ዝም ተብላ ትታለፋለች። የኔ እምነት የምሳሌው አስኳል እዚህ ላይ ነው። ችግሩ ጥላው ውሸት መሆኑ አይደለም። ችግሩ አንገት አለመዞሩ ነው። አንገት ደግሞ በራሱ አይዞርም፤ የሚያዞረው ይፈልጋል። እስቲ የምታስቡትን ወዲህ በሉ።

(የውይይቱ ክር ሲረዝም አዲስ ገቢዎች ግራ እየተጋቡ ስለመጡ፣ መልሶቹን በየቁጥራቸው በራሴ አባባል አጠር አድርጌ ከታች አስቀምጫለሁ። የራሴን አስተያየት አልፎ አልፎ ጣል ማድረጌ አይቀርም።)

መልስ 1

ከሰላምታና ከምስጋና በኋላ በቀስታ ነው የተቃወመኝ። ሶቅራጥስ ስለ መፈታቱ ማውራት ሲጀምር፣ እንዲህ ያለ ነገር በተፈጥሮ ቢገጥማቸው ብሎ እንደሚነሳ አስታወሰ። ስለዚህ ፈቺ መፈለጉ ከንቱ ድካም ነው ባይ ነው። አንዳንድ ሰው በቃ ይነቃል።

ተፈጥሮ ግን ሰውን ክንዱን ይዞ ዳገት አይጎትትም። ይህንኑ ጻፍኩለት። እሱም በጨዋነት ተቀብሎኝ፣ መልሶ ሊያስብበት ቃል ገባ።

መልስ 2

ይቺኛዋ ፈቺው ሶቅራጥስ ራሱ ነው አለች። ዕድሜውን ሙሉ ሰውን እያስቆመ፣ የምታውቀው የሚመስልህን ነገር በእርግጥ ታውቀዋለህ ወይ እያለ የጠየቀ ሰው ነው። አቴናውያንም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ዓመት ሞት ፈርደውበት መርዝ ጠጣ። ተማሪው ፕላቶ ምሳሌውን የጻፈው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ይገድሉታል የሚለው ዓረፍተ ነገር ትንቢት አይደለም፤ ሐዘን ነው አለች። ይህን ያህል አጥርታ ያስቀመጠችው ሰው በክሩ ውስጥ አልነበረም።

መልስ 3

አጭር ናት። መምህሩን ማን ፈታው? የመምህሩንስ መምህር? እንዲህ እያልን ወደ ኋላ ከሄድን ማብቂያ የለውም ብሎ ጥሎን ሄደ። ሰላምታ የለ፣ ስንብት የለ።

መልስ 4

መጽሐፉን በደንብ ያነበበ ሰው ነው። ለ3ኛው የሚሆን መልስ እዚያው ምሳሌው አጠገብ እንዳለ ጠቆመ። ሶቅራጥስ ፈላስፎቹ ወደ ዋሻው ይመለሱ ሲል ምክንያት ያቀርባል። በሌሎች ከተሞች ፈላስፋ የሚበቅለው በራሱ ነው፤ ሥርዓቱ ሳይፈልገውም ይበቅላል። ማንም ስላላሳደገው ለማንም ብድር የለበትም። እናንተን ግን ያሳደገቻችሁ ይህቺ ከተማ ናት፤ ስለዚህ ውረዱ ይላቸዋል። እንግዲህ በራሱ የሚፈታ ሰው መኖሩን ፕላቶ ራሱ አምኗል ማለት ነው።

ከዚህ የበለጠ ማስረጃ በዚህ ክር ላይ አልቀረበም። ቢሆንም ምሳሌው ውስጥ ያለው ሰውዬ በራሱ የበቀለ አይመስልም። እየተጎተተ፣ እየተናደደ፣ ዓይኑን እያመመው ነው የወጣው።

መልስ 5

የ4ኛውን ሐሳብ ይዞ ወደ ሌላ መጽሐፍ ወሰደን። በ12ኛው ክፍለ ዘመን በአንዳሉስ፣ በዛሬዋ ስፔን፣ የኖረው ሐኪምና ፈላስፋ ኢብን ጡፈይል «ሃይ ኢብን የቅዛን» የሚል ታሪክ ጽፏል። ሃይ ሰው በሌለበት ደሴት ላይ ብቻውን ያደገ ልጅ ነው። ያሳደገችው ሚዳቋ ናት። ስትሞትበት ደረቷን ከፍቶ ልቧን ይመረምራል፤ ምን ነገር ጥሏት እንደሄደ ሊያውቅ። ከዚያ ተነስቶ እሳትን፣ ዕፅዋትን፣ ሰማይን እየመረመረ፣ መምህር ሳይኖረው ወደ እውነት ይደርሳል። ዕድሜው ወደ 50 ሲጠጋ ሌላ ሰው ያገኘዋል። አብረው ሰዎች ወደሚኖሩበት ደሴት ይሻገራሉ። ሃይ ያወቀውን ሊያስተምር ይሞክራል። ሰዎቹ ፊታቸውን ያጠቁሩበታል። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ፣ በያዛችሁት ሥርዓት ጽኑ ብሏቸው ወደ ደሴቱ ይመለሳል።

ሚዳቋዋን ሳነብ ቆም አልኩ። ፈቺ የለም ማለት ይከብዳል። ልጁን ለመጀመሪያ ጊዜ አንገቱን ያዞረው የእሷ ሞት ነው።

መልስ 6 እና 7

እዚህ ጋ ክሩ ትንሽ ሳተ። 6ኛው እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ አንድ ዝነኛ ፊልም አነሳ፤ ሁሉም የሚያነሳውን። 7ኛው ስልካችን ግድግዳው ነው፣ የማኅበራዊ ሚዲያ አልጎሪዝም ደግሞ ተሸካሚው ነው አለ። ከኋላ ሆኖ የሚያታልለን አካል አለ፤ ምሳሌውም ስለ እሱ ነው ባይ ነው። ይህ ንባብ ብዙ ላይክ አግኝቷል። እኔን ግን አልጣመኝም፤ ምክንያቱን የሚቀጥለው ሰው ከኔ በተሻለ ተናግሮታል።

መልስ 8

መጽሐፉ ተሸካሚዎቹ አታላዮች ናቸው የሚልበት አንድም ቦታ የለም አለ። እነሱ መንገዳቸውን ይሄዳሉ። አንዳንዶቹ እያወሩ፣ አንዳንዶቹ ዝም ብለው። ምን አስበው እንደሚሄዱ አልተነገረም። ደግሞስ እነሱም እኮ ዋሻ ውስጥ ናቸው! ፀሐይን ያዩ ለመሆናቸው ምን ማረጋገጫ አለ? ሴራ መፈለግ የኛ ዘመን ሱስ ነው ብሎ 7ኛውን ወጋ አደረገው።

መልስ 9

7ኛው ተመልሶ መጣ፤ አሁን ተቆጥቷል። ሶቅራጥስ ግንቡን የአሻንጉሊት ትርኢት የሚያሳዩ ሰዎች ከፊታቸው ከሚያቆሙት መጋረጃ ጋር ማመሳሰሉን እንዴት ረሳህ አለ። ትርኢት ካለ አሳዪ አለ። አሳዪ ካለ ደግሞ ተመልካቹ ምን እንዲያይ የሚወስነው እሱ ነው። 8ኛው ማንበብ ሳይሆን መከራከር እንደሚወድ ጨምሮ ነገረው። ከሁለቱ የመጋረጃው ነጥብ እውነት አለው። ስድቡ ግን አያስፈልግም ነበር።

መልስ 10

ከሁሉ ያከራከረው ይህ መልስ ነው። ጻፊው የፊዚክስ ሰው ነኝ ይላል። እናንተ ጥላን ለምን ትንቃላችሁ ብሎ ጀመረ። የሰው ልጅ ትልልቅ እውነቶችን ያገኘው ከጥላ ነው።

ምሳሌ ደረደረ። የፕላቶ ተማሪ የነበረው አርስቶትል መሬት ክብ መሆኗን ካስረዳባቸው መንገዶች አንዱ የጨረቃ ግርዶሽ ነው። በግርዶሽ ጊዜ ጨረቃ ላይ የሚያርፈው የመሬት ጥላ ጠርዙ ሁልጊዜ ክብ ነው። ከእሱ በኋላ ግሪካዊው ሊቅ ኤራቶስቴንስ የመሬትን ዙሪያ በጥላ ለካ። ፀሐይ ሲየን ላይ፣ በዛሬዋ አስዋን፣ በዓመቱ ረጅሙ ቀን እኩለ ቀን ላይ ቀጥ ብላ አናት ላይ ትቆማለች፤ ጥላ የለም። በዚያው ሰዓት እስክንድርያ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ዘንግ ጥላ ይጥላል። የጥላው ማዕዘን የሙሉ ክብ 50ኛ እጅ ነበር። ስለዚህ የመሬት ዙሪያ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት 50 እጥፍ ነው። ራጅስ ምንድን ነው? ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮንትገን እ.ኤ.አ. በ1895 ያገኘው ጨረር በሰውነት ውስጥ ሲያልፍ አጥንት የሚጥለው ጥላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነው የብላክ ሆል (ብርሃን የማያመልጠው የጠፈር አካል) ምስል እንኳ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ጥላ ነው የሚሉት።

መደምደሚያው ጠንከር ያለ ነው። ጥላ አይዋሽም። አንድ ነገር ብርሃንን እንደጋረደ በታማኝነት ይናገራል። የሚሳሳተው አንባቢው ነው።

መልስ 11

10ኛውን ግማሽ በግማሽ ደገፈው። የእስልምና ሊቁ አል ገዛሊ ከጥርጣሬው ጋር ስለታገለበት ዘመን ሲጽፍ ጥላን እንደሚያነሳ ነገረን። ዓይን ጥላን አይቶ ቆሟል ብሎ ይፈርዳል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲመለከተው ግን ጥላው ሄዷል፤ ለካ አንዲት ቅጽበት እንኳ ቆሞ አያውቅም። ኮከብም የዲናር ሳንቲም ታክላለች፤ ሒሳብ ግን ከመሬት እንደምትበልጥ ያሳያል። ጥላውን ያረመው ሌላ ጥላ አይደለም፤ አእምሮ ነው። ስለዚህ 10ኛው ያለ አእምሮ ጥላ ብቻውን ምንም እንደማያስተምር ረስቷል አለ።

መልስ 12

10ኛው ወዲያው መልሶ ያዘው። እኔ ያለ አእምሮ መቼ አልኩ? በማለት ብቻ አልቆመም፤ ፍልስፍና የሚያነቡ ሰዎች ቴሌስኮፕ ነክተው አያውቁም እስከማለት ደረሰ። ከዚህ በኋላ የክሩ ድምፅ ከረረ። ሦስት አራት ሰው ገብቶ ተቃቃረ። ለቁም ነገር የሚሆን ስለሌለው ዘልዬዋለሁ።

መልስ 13

ደግነቱ ይቺ ሴት ገባች። በሙያዋ የዓይን ሐኪም ናት። ጠቡን ከቁብ ሳትቆጥር አንድ ታሪክ አወራችን፤ እኔ በበኩሌ ሁለቴ አነበብኩት።

እ.ኤ.አ. በ1728 እንግሊዛዊው ቀዶ ጥገና ሐኪም ዊልያም ቼዝልደን የአንድ ልጅን ታሪክ አሳተመ። ልጁ ዕድሜው 13 ወይም 14 ነበር። በዓይን ሞራ ግርዶሽ የተነሳ፣ ከመወለዱ ጀምሮ ወይም ማስታወስ ከሚችልበት ዕድሜ በፊት ጀምሮ አያይም። ሐኪሙ ግርዶሹን አነሳለት። ልጁ ግን ወዲያው አላየም። ማለትም ብርሃንና ቀለም ገባለት፤ ነገሮች ግን አልገቡለትም። መጀመሪያ ላይ የሚያየው ሁሉ ዓይኑን የነካው ይመስለው ነበር። የቱ ድመት የቱ ውሻ እንደሆነ በዓይኑ ይምታታበታል፤ ደጋግሞ መጠየቅ ደግሞ ያሳፍረዋል። አንድ ቀን ድመቷን ያዛት። በእጁ ሲዳስሳት ያውቃታል። ከዚያ ፊቷን ትኩር ብሎ አያት። ቀስ ብሎ አስቀመጣትና ሌላ ጊዜ እንደሚለያት ነገራት።

ሥዕል ላይ የሆነው ደግሞ ይብሳል። ለሁለት ወር ያህል ሥዕል ለእሱ ቀለም የተቀባ ጠፍጣፋ ነገር ብቻ ነበር። ከዚያ ድንገት፣ ሥዕሉ ውስጥ ያሉት ሰዎችና ዕቃዎች ክብነትና ጥልቀት እንዳላቸው ሆነው ታዩት። እጁን ሲሰድ ጠፍጣፋ። ግራ ገባው። ከማየትና ከመዳሰስ የሚዋሸው የትኛው ነው ብሎ ጠየቀ።

ሐኪሟ ከዚህ ወደ ፕላቶ ተሻገረች። ሶቅራጥስ ከምሳሌው በኋላ፣ ትምህርት ዕውር ዓይን ውስጥ ማየትን እንደማስገባት ነው የሚሉትን ይነቅፋል። ማየት የሚችለው ነገር ቀድሞም ነፍስ ውስጥ አለ፤ የሚያስፈልገው መዞሩ ነው ይላል። እሷ ግን መዞር ብቻውን አይበቃም ትላለች። የቼዝልደን ልጅ ዓይኑ ተከፍቶለት፣ ብርሃኑም በርቶለት፣ ገና ድመት መያዝ ነበረበት። በዚህ ጉዳይ ከፕላቶ ይልቅ ሐኪሟን አምናለሁ። ሆኖም ፕላቶም ቢሆን እስረኛው ውጭ እንደወጣ ፀሐይዋን አላሳየውም፤ በጥላና በውኃ ላይ ምስል አስጀምሮታል።

መልስ 14

ይህ መልስ ስለታም ነው። እስካሁን ስለ እውነት ነጻ አውጪነት ስትዘምሩ ነበር፤ ፕላቶ ራሱ ግን ውሸትን ፈቅዷል አለ። እዚያው መጽሐፍ 3ኛ ክፍል ላይ ለዜጎች የሚነገር አንድ ተረት አለ። ሁላችሁም የተፈጠራችሁት ከመሬት ሆድ ውስጥ ነው፤ ያደጋችሁበት የተማራችሁበት ዘመን ሕልም ነበር ይባላሉ። አምላክ ለገዢዎች ወርቅ፣ ለረዳቶቻቸው ብር፣ ለገበሬዎችና ለእጅ ባለሙያዎች ብረትና ነሐስ ቀላቅሏል። ሶቅራጥስም ውሸት መሆኑን አይደብቅም፤ ሲናገረውም ያፍራል። ታዲያ ዋሻውን የሠራው ማን ሆነና? በዚያም ሰው ከመሬት በታች ነው፣ በዚህም ከመሬት በታች። ፈላስፋው ካርል ፖፐር እ.ኤ.አ. በ1945 ፕላቶን የዝግ ማኅበረሰብ አባት አድርጎ የከሰሰው በከንቱ አይደለም ብሎ ዘጋው።

የፖፐር ክስ በብዙ ሊቃውንት ዘንድ የተጋነነ ነው ይባላል። የሁለቱን ከመሬት በታች መገጣጠም ግን እስካሁን ያስተባበለው የለም።

መልስ 15

4ኛው ተመልሶ ለ14ኛው መልስ ሰጠ። በዚያ ተረት ውስጥ ከብረት ወላጅ የወርቅ ልጅ ሊወለድ ይችላል፤ ከተወለደም ከፍ ይደረጋል። የወርቅም ልጅ ብረት ከሆነ ይወርዳል። ሰንሰለት ብሎ ለመጥራት ይከብዳል አለ። 14ኛው ግን አንድ መስመር ብቻ ጽፎ አለፈው፤ የሚያወጣውና የሚያወርደው ማን ሆነና የሚል።

መልስ 16

በየክሩ የማይጠፋው ሰውዬ መጣ። ሁላችሁም እስረኞች ናችሁ፣ ነቅቻለሁ፣ አልነቃችሁም፣ ተኙ። በረዥሙ ነው የጻፈው፤ ፍሬው ይሄው ነው።

መልስ 17

የ2ኛዋ ጸሐፊ በጣም በተረጋጋ ድምፅ መለሰችለት። ግላውኮን ምሳሌውን ሰምቶ፣ እንግዳ ሥዕል፣ እንግዳ እስረኞች ሲል ሶቅራጥስ የሚመልስለት እኛን ይመስላሉ ብሎ ነው። እነሱን አላለም። ራሱን ጨምሮ ነው የተናገረው። ዋሻውን ሌሎችን ለመስደብ የሚጠቀም ሰው ይህን መስመር ዘሎታል አለች። ቀጥላም ትንሽ ፈገግ የሚያሰኝ ነገር ጨመረች። ክርክርን ገና በለጋነታቸው የቀመሱ ወጣቶችን ፕላቶ ቡችላ ይላቸዋል፤ አጠገባቸው የደረሰውን ሁሉ በቃል መጎተትና መቦጫጨቅ ደስ ይላቸዋል። ይህንን ለማን እንደተናገረች አልጠቀሰችም። 16ኛው ግን ከዚያ በኋላ አልታየም።

መልስ 18

ስለ ሽልማቱ ማንም አላነሳም ብሎ የተገረመ ሰው ነው። እስረኞቹ እዚያ ታች ውድድር አላቸው። የሚያልፉትን ጥላዎች ፈጥኖ የለየ፣ የትኛው ከየትኛው በፊት፣ በኋላ ወይም አብሮ እንደሚመጣ ያስታወሰ፣ በዚህም ቀጣዩን መተንበይ የቻለ ይከበራል፤ ይሸለማል። ይህ ትንበያ እኮ ይሠራል! እስረኛው ትክክል ነው፤ ቀጣዩ ጥላ እሱ እንዳለው ይመጣል። ወደ ላይ የወጣው ሰው ግን በዚህ ክብር አይቀናም። የግሪኩ ባለቅኔ የሆሜር ጀግና አኪሌስ በሙታን ላይ ከመንገሥ፣ በምድር ላይ መሬት ለሌለው ድሃ ተቀጥሮ ማገልገል ይሻለኛል እንዳለው፣ ምንም ቢመጣበት ወደዚያ ኑሮ አይመለስም። ለ10ኛው ያስተላለፈው መልእክት ግልጽ ነበር። ጥላን በትክክል መተንበይና ጥላው የምን እንደሆነ ማወቅ ለየቅል ናቸው።

10ኛው በዚህ አልተቆጣም። የሚገርመው፣ አመሰገነ። ፊዚክስም ከትንበያ ያለፈ ነገር እንደሚፈልግ ጽፎ፣ ስለ ቴሌስኮፕ የተናገረውን ግን አላነሳም።

መልስ 19

የ13ኛዋ ሐኪም ነች። ወደ ዋሻው ተመልሶ ስለተደናበረው ሰው ነው የጻፈችው። ሶቅራጥስ ዓይን በሁለት ምክንያት ይደናበራል ይላል፤ ከብርሃን ወደ ጨለማ ሲገባና ከጨለማ ወደ ብርሃን ሲወጣ። ስለዚህ አስተዋይ ሰው ግራ የተጋባ ነፍስ ሲያይ አይስቅም፤ መጀመሪያ ከየት እንደመጣ ይጠይቃል። ይህ በሕክምናም እውነት ነው አለች። ሁለቱ ግን እኩል ጊዜ አይወስዱም። ዓይን ብርሃንን በደቂቃዎች ውስጥ ይለምዳል። ጨለማን ሙሉ በሙሉ ለመልመድ ግን ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ከመውጣቱ መውረዱ ይረዝማል ማለት ነው።

ከዚያ አንድ ሁላችንም የዘለልነውን ነገር አስታወሰች። ሶቅራጥስ ለሚወርዱት ተስፋ ይሰጣቸዋል። ጨለማውን ከለመዳችሁት እዚያ ካሉት ይልቅ እልፍ ጊዜ አብልጣችሁ ታያላችሁ፤ እያንዳንዱ ጥላ ምን እንደሆነና የምን እንደሆነ ታውቃላችሁ ይላቸዋል። ጥላውን ማየት አቁሙ አላለም። የጥላውና የፀሐዩ ጎራ ለሁለት ቀን የተናከሰው በከንቱ ነበር ማለት ነው። ሁለቱንም የሚያስማማ መስመር እዚያው አለ።

መልስ 20

4ኛው ለመጨረሻ ጊዜ ገባ፤ ይዞት የመጣውም ቁጥር ነው። 7ኛው ክፍል መጨረሻ ላይ ፕላቶ መውጣቱንና መውረዱን በዕድሜ ይከፍለዋል። ልጆች ሒሳብ፣ ጂኦሜትሪ፣ የሰማይ አካላትን ጥናትና የዜማ ስምምነትን ሳይገደዱ፣ በጨዋታ መልክ ይጀምራሉ። በ20 ዓመታቸው የተሻሉት ይመረጣሉ። በ30 ደግሞ ከእነሱ የተሻሉት ተለይተው 5 ዓመት የክርክር ጥበብ ይማራሉ። በ35 ወደ ዋሻው እንዲወርዱ ይገደዳሉ። በጦር አዛዥነትና በሹመት እየተፈተኑ 15 ዓመት እዚያ ይቆያሉ። በ50 ነው መልካሙን ራሱን፣ ማለትም የምሳሌውን ፀሐይ፣ እንዲያዩ የሚደረጉት።

የቅደም ተከተሉን ነገር አስተዋላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀን። በምሳሌው ሰውየው ፀሐይን አይቶ ነው የሚወርደው። በሥርዓተ ትምህርቱ ግን ወርዶ፣ 15 ዓመት ጥላ መሐል ሠርቶ፣ ከዚያ ነው የሚያየው።

መልስ 21

1ኛው መላሽ ነው፤ ቃል በገባው መሠረት አስቦበት ተመለሰ። ምሳሌውንና የትምህርቱን ዕቅድ እንዲህ መስመር በመስመር ማጋጠም ልክ አይደለም አለ። ምሳሌ ምሳሌ ነው፤ ሁሉ ነገሩ ካልገጠመ ብሎ መጨነቅ ደግ አይደለም።

መልስ 22

4ኛው አልለቀቀውም። ይህን ሥዕል ቀደም ብለን ከተናገርነው ሁሉ ጋር አጋጥመው ያለው ሶቅራጥስ ራሱ ነው፤ ለግላውኮን በግልጽ ነግሮታል። ስለዚህ ማጋጠም ፈልጌ ሳይሆን ታዝዤ ነው ብሎ ቀለደ።

እኔ ወደ 4ኛው አደላለሁ። አንድ ነገር ልጨምርለት። በ50 ዓመቱም ቢሆን ሰውየው የነፍሱን ዓይን ወደ ብርሃኑ እንዲያቀና መገደድ አለበት ይላል መጽሐፉ። ሲፈታ ተገድዷል፣ ሲወጣ ተገድዷል፣ ሲወርድ ተገድዷል፣ ከ15 ዓመት ፈተና በኋላም ይገደዳል። ፕላቶ የሰውን ልጅ የእውነት ጥም አጋንኖ የሚያይ ሰው አድርገው የሚያቀርቡት ሰዎች ይህን ሁሉ ግዳጅ የት እንደሚያደርሱት ይጨንቀኛል። ከ50 በኋላም አብዛኛውን ጊዜያቸውን በፍልስፍና ያሳልፋሉ፤ ተራቸው ሲደርስ ግን ከተማዋን ያስተዳድራሉ። የሚያስተዳድሩትም ክብር ነው ብለው ሳይሆን የግድ ስለሆነባቸው ነው።

14ኛው ይህንን ሲያነብ አልቻለም። ሹመት ተለምኖ እንጂ ለምኖ የማይዝ ሰው በታሪክ ውስጥ አንድ አሳዩኝ ብሎ ሌላ ክር ከፍቷል። 8ኛውና 9ኛው እዚያም ተገናኝተዋል።